ካርድ ላይ ተመሥርቶ የማንቁርት ካንሰር ጥናት እንዴት ይሠራል? ከካርድ ክፍል እስከ ትንተና

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲመጣ ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ሬዚደንቶች ናቸው፤ ጥያቄያቸው በየዓመቱ ያው ነው፦ «ካርድ ላይ ተመሥርቼ የጉሮሮ ካንሰር ልሠራ ነበር፤ ስንት ካርድ ይበቃኛል?» ከካርዱ ብዛት በፊት መልስ የሚሹ ነገሮች ስላሉ፣ በየጊዜው በስልክ የምለውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ምሳሌዬ የማንቁርት (የድምፅ አውታሮች ያሉበት የጉሮሮ ክፍል) ካንሰር ነው። የምላስ፣ የአፍንጫ ጀርባ ወይም የምራቅ ዕጢ ካንሰር የምታጠኑም ከደረጃ 2 እና 8 በቀር ሌላውን እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የይለፍ ቃል ያለው የራሳችሁ ላፕቶፕ። የዲፓርትመንቱ የጋራ ኮምፒውተር አይሆንም።
• የመረጃ ማስገቢያ ፕሮግራም፦ ሬድካፕ ወይም ኮቦቱልቦክስ፤ ካልተገኙ ኢፒ ኢንፎ። ኤክሴል ሁሉም ሲጠፋ ነው። አንዱን አምድ ብቻውን ከደረደራችሁት የአንዱ ታካሚ ዕድሜ ለሌላው ይሄዳል፤ ማንም ሳያውቅ።
• ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። ካርድ ስትለቅሙ የምትወስኑት እያንዳንዱ ነገር ከነቀኑ እዚህ ይጻፋል።
• የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ማመሳከሪያ።
• የኤጄሲሲ (የካንሰርን ደረጃ መመደቢያ የሚያወጣው የአሜሪካ ኮሚቴ) 8ኛ እትም የማንቁርት ደረጃ ሠንጠረዥ፣ በአንድ ገጽ የታተመ።
• ማስክና ጓንት። ለበሽታ ሳይሆን ለአቧራው ነው።
• ሌላ አንድ ሰው። ለምን እንደሆነ ደረጃ 9 ላይ ታያላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የማንቁርት ካንሰር በሆስፒታላችን» የምዕራፍ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. በባዮፕሲ (ከዕጢው በሚወሰድ የናሙና ምርመራ) የማንቁርት ካንሰር የተረጋገጠላቸው አዋቂዎች፣ ድምፃቸው መጎርነን ከጀመረበት ቀን እስከ ባዮፕሲው ውጤት ድረስ ምን ያህል ጊዜ ፈጀባቸው?» እዚህ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል ቅጹ ላይ አንድ አምድ ይሆናል። «አዋቂ» ካላችሁ የዕድሜ ወለል ያስፈልጋችኋል፤ «የተረጋገጠ» ካላችሁ የፓቶሎጂ (ናሙናው የሚመረመርበት ክፍል) ቁጥር፤ «የጀመረበት ቀን» ካላችሁ ደግሞ አበሳው ደረጃ 7 ላይ ይጠብቃችኋል።

ጊዜውን በአንድ ድምር አትተዉት፤ ቁረጡት። ሕመሙ ከጀመረ እስከ መጀመሪያው ጤና ተቋም፣ ከዚያ ሪፈር እስኪጻፍ፣ ከሪፈር እስከ ባዮፕሲ፣ ከባዮፕሲ እስከ ሕክምና። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦርሁስ መግለጫ እነዚህን የጊዜ ክፍሎች በትርጉም ስለሚለይ እሱን ተከተሉ፤ ሌላ ሰው ከሠራው ጋር ማነጻጸር የምትችሉት ያኔ ብቻ ነው። መቁረጡ ለምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው ክፍል ከረዘመ ሕዝቡ ምልክቱን አያውቅም ማለት ነው። ሁለተኛው ከረዘመ ጤና ጣቢያው ድምፁ የጎረነነውን ሰው «ቶንሲል ነው» እያለ በአንቲባዮቲክ ያመላልሰዋል። ሦስተኛው ከረዘመ ችግሩ የሲቲ ስካን ወረፋ ወይም ፓቶሎጂ ነው። ድምሩን ብቻ ካወጣችሁ የማንን በር እንደምታንኳኩ አይታወቅም።

ጥያቄው ካርድ ላይ መልስ ያለው መሆኑን ለማየት፣ ዎርድ ላይ ራሳችሁ የምታክሟቸውን ጥቂት ታካሚዎች ካርድ አስተውላችሁ እዩ። ምንም አትመዝግቡ፤ ዓይናችሁ ብቻ ይይ። ከሕክምና በኋላ ያለውን የድምፅ ጥራት ማጥናት ከፈለጋችሁ ግን ካርድ አይረዳችሁም፤ «ደህና ነው» ከሚል ቃል በላይ አታገኙም። እሱ ታካሚውን ወደፊት እየተከታተሉ የሚሠራ ሌላ ጥናት ነው።

ደረጃ 2፦ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር ወስኑ

በእኛ አነጋገር «ጉሮሮ» የማይገባበት የለም። ማንቁርትም፣ ከምላስ ጀርባ ያለውም፣ የምግብ ቧንቧ መግቢያም ጉሮሮ ነው። መዝገብ ላይ «የጉሮሮ ካንሰር» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ወዲያው አትቁጠሩት፤ ከየት እንደተነሣ ፈልጉ።

በአይሲዲ-10 (በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መለያ ኮድ) ማንቁርት ሲ32 ነው። ሲ32.0 የድምፅ አውታሩ ራሱ፣ ሲ32.1 ከድምፅ አውታሩ በላይ፣ ሲ32.2 ከድምፅ አውታሩ በታች፣ ሲ32.9 ቦታው ያልተለየ። ሲ12 (ፒሪፎርም ሳይነስ) እና ሲ13 (ሃይፖፋሪንክስ፣ ከማንቁርት በስተጀርባ ያለው የታችኛው ጉሮሮ) ጎረቤት ናቸው እንጂ ማንቁርት አይደሉም። መለየቱ ለወረቀት ማማር አይደለም። የድምፅ አውታር ላይ የበቀለ ዕጢ ገና በትንሽነቱ ድምፅ ስለሚያጎረንን ባለቤቱን ቀድሞ ይጠራዋል፤ ሃይፖፋሪንክስ ውስጥ ያለው ግን አንገት ላይ እብጠት እስኪወጣ ድረስ ዝም ሊል ይችላል። ሁለቱን ካደባለቃችሁ የምታወጡት አማካይ የማንም ታካሚ ታሪክ አይደለም።

ዕጢው ሁለቱን ቦታ ካዳረሰስ? ሕጉን አስቀድማችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። እኔ «በኤንዶስኮፒው (ወደ ውስጥ በሚያሳየው ቱቦ) መሠረት የዕጢው መካከል ያለበት ቦታ» የሚለውን እጠቀማለሁ።

የሚቀሩት፦ ባዮፕሲ የሌላቸው፣ ሌላ ቦታ ታክመው ያገረሸባቸው፣ እና ፓፒሎማ (ካንሰር ያልሆነ፣ ኪንታሮት መሰል ዕጢ)። ባዮፕሲን ግዴታ የማደርገው በምክንያት ነው። የማንቁርት ቲቢ በላሪንጎስኮፒ (ማንቁርትን በሚያሳይ መሣሪያ) ሲታይ ካንሰር ሊመስል ይችላል፤ በዓይን ብቻ «ካንሰር ይመስላል» ተብሎ የተጻፈለት ሰው በቲቢ መድኃኒት ድኖ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ የካርዱን ብዛት

ሁሉም «384 ካርድ ያስፈልገኛል» ብሎ ይመጣል። ቁጥሩ የሚወጣው መጠኑ 50 በመቶ፣ ስህተቱ 5 በመቶ፣ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ ሲባል ነው፤ ቀመሩም የታካሚው ብዛት ወሰን እንደሌለው አድርጎ ያስባል። እናንተ ጋ ግን በ5 ዓመት ውስጥ የተመዘገበው ሁሉ 120 ቢሆን 384 ከየት ይመጣል? ለውስን ብዛት በሚሆነው ማስተካከያ ብትሠሩት፣ 384 ሲካፈል ለ4.19 (1 + 383/120)፣ 92 ይሆናል። እንዲህ ላለ ጊዜ የእኔ ምክር 92ቱን በዕጣ መምረጥ ሳይሆን 120ውንም መውሰድ ነው። ከ120 ካርድ የተወሰነው መጥፋቱ አይቀርም።

በሕይወት የመቆየት ትንተና የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ወሳኙ የታካሚው ብዛት ሳይሆን የሞቱት ብዛት ነው። በልማድ ለአንድ ተለዋዋጭ (እንደ ዕድሜ ወይም ማጨስ ላለ ነገር) 10 ሞት ይያዛል፤ 40 ሰው ከሞተ ሞዴሉ ውስጥ ከ4 ተለዋዋጭ በላይ አታስገቡ።

ደረጃ 4፦ ፈቃድ

ፕሮፖዛሉን ለአይአርቢ (ለምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ) ስታስገቡ ሁለት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ ካለፈ ካርድ መረጃ ለመልቀም ከፈቃድ ፊርማ ነጻ መሆንን፣ እና ለታካሚ ወይም ለቤተሰብ ስልክ ለመደወል ፈቃድን። ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱትና ጥናቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ማሻሻያ ይለምናሉ፤ ወራት ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልገው ክፍል ነው። የካርድ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ለጓደኛችሁ አትላኩ። «ማታ ቤቴ ሆኜ አነበዋለሁ» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ዝርዝሩን ከሦስት መዝገብ አውጡ

አንድ መዝገብ ብቻ የያዘ ሰው የተወሰነ ዓይነት ታካሚ ብቻ ይይዛል። የኦፕራሲዮን ክፍል መዝገብ ኦፕራሲዮን እምቢ ያለውን አያውቀውም። የፓቶሎጂ መዝገብ ናሙናው ሌላ ላቦራቶሪ የተላከለትን አያውቀውም። የጨረር ሕክምና መዝገብ ተራው ሳይደርስ የሞተውን አያውቀውም። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉ።

አንድ የሚያመልጥ ሰው ደግሞ አለ። ሌሊት እያቃሰተ፣ ትንፋሹ እያፏጨ በድንገተኛ ይገባል፤ ተረኛው ሬዚደንት አንገቱን ከፍቶ ትራኪዮስቶሚ (የመተንፈሻ ቀዳዳ) ይሠራለታል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ትራኪዮስቶሚ» ብቻ ነው፤ ካንሰር የሚል ቃል የለም። ባዮፕሲው የሚወሰደው ከቀናት በኋላ ነው፣ ያውም ከቆየ። ስለዚህ የድንገተኛ ኦፕራሲዮን መዝገብ ላይ «ትራኪዮስቶሚ» የሚለውን ሁሉ እየፈለጋችሁ ምክንያቱን አጣሩ። እነዚህ በሽታቸው እጅግ የገፋባቸው ናቸው፤ እነሱ ሲቀሩ ሆስፒታሉ ታካሚ ቶሎ የሚደርስለት ይመስላል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ድግግሞሽ አጣሩ። የእኛ ስም ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው፦ አንዱ ሰው አንድ ቦታ «ወልደማርያም»፣ ሌላ ቦታ «ወ/ማርያም»፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ደግሞ በፈረንጅ ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ካርዱ ስለጠፋበት አዲስ ካርድ ያወጣም አለ፤ ሁለት የካርድ ቁጥር፣ አንድ ሰው። በስም ብቻ ወይም በቁጥር ብቻ አታመሳስሉ። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ወረዳና የባዮፕሲ ቀን አራቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሦስቱ ከገጠሙ ካርዶቹን አውጥታችሁ አስተያዩ።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ታካሚ የጥናት ቁጥር ስጡ፤ 001፣ 002 እያላችሁ። ስምና የካርድ ቁጥር ከጥናት ቁጥሩ ጋር የሚገናኝበት ፋይል ለብቻው፣ በሌላ የይለፍ ቃል ይቀመጥ። ወደ ትንተናው የሚሄደው ፋይል ውስጥ ስም አይግባ።

ካርድ ስታስወጡ በቀን 20 ያህል ብቻ ጠይቁ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አትሂዱ። የካርድ ክፍል ሠራተኞቹ ያንለት ሰልፍ ላይ ናቸው። የእናንተን ዝርዝር በካርድ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች ደርድራችሁ ብትወስዱላቸውና መደርደሪያውም በዚያው የተደራጀ ቢሆን፣ ሥራቸው በግማሽ ይቀልላል።

ያልተገኙትን ካርዶች «ጠፋ» ብላችሁ አትለፉ። መዝገቡ ላይ ያላቸውን ዕድሜ፣ ጾታና ዓመት ይዛችሁ ከተገኙት ጋር አወዳድሩ። የጠፉት በአብዛኛው የሞቱ ሰዎች ካርድ ከሆነ፣ ምክንያቱም የሞተ ሰው ካርድ አንዳንድ ቦታ ለብቻው ይቀመጣል፣ ውጤታችሁ ከእውነቱ ያማረ ይሆናል። እዚያ መደርደሪያ መሄዳችሁን እርግጠኛ ሁኑ።

ደረጃ 6፦ ቅጹን በ10 ካርድ ፈትሹት

እያንዳንዱ አዎ/አይ ጥያቄ ሦስት መልስ ይኑረው፦ 1 = አለ ተብሎ ተጽፏል፣ 0 = የለም ተብሎ ተጽፏል፣ 9 = ምንም አልተጻፈም። ሲጋራን ውሰዱ። ካርዱ «አያጨስም» ካለ 0 ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ካለፈው 9 ነው። ሁለቱን 0 ካደረጋችሁ፣ ያልተጠየቀ ሁሉ የማያጨስ ሆኖ ይቆጠርና ማጨስ ከማንቁርት ካንሰር ጋር ዝምድና የሌለው ሊመስል ይችላል። አረቄ፣ ጫት፣ ሺሻና የምድጃ ጭስም እንዲሁ። ቁጥር ለሆኑት፣ ለምሳሌ ለዕድሜ፣ 99 አትጠቀሙ፤ 99 ዓመት የሞላቸው አዛውንት አማካዩን ይዘውት ይወጣሉ። ባዶ ይተዉና ሌላ አምድ ላይ «አልተጻፈም» በሉ።

ዕድሜ ራሱ ሌላ ነገር አለው። 40፣ 45፣ 50፣ 60 ይበዛል፤ 47 ወይም 53 ብርቅ ነው። በቡድን ስትከፍሉ 40–49፣ 50–59 አትበሉ፤ «50 ገደማ» ያሉት ሁሉ በአንድ ወገን ይጫናሉ። 35–44፣ 45–54፣ 55–64 ብትሉ 50 መሃል ላይ ይውላል፤ ወዲያና ወዲህ ያለው ግምት ይቻቻላል።

ምልክቶችን ከታካሚው አነጋገር ጋር አያይዛችሁ ጻፉ፦ «ድምፄ ተዘጋ»፣ «ስውጥ ይተናነቀኛል»፣ «ደረጃ ስወጣ ያፍነኛል»። እንጥል ተቆርጦ፣ ጠበል ተሂዶ ወይም ባህላዊ ሐኪም ታይቶ ከሆነም አምድ ይኑረው፤ የመጀመሪያው የጊዜ ክፍል ለምን እንደረዘመ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

10 ካርድ ሞልታችሁ ስትጨርሱ ቅጹ ይለወጣል። ይለወጥ። ከለወጣችሁ በኋላ እነዚያን 10 ካርዶች እንደገና ሙሏቸው።

ደረጃ 7፦ ቀኖቹን አትመኑ

በመጀመሪያው ጥናቴ አንድ ታካሚ ከመታመሙ 7 ዓመት ቀድሞ ታክሞ ወጣልኝ። ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ሌላ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሳቁ ቆመ። የለቀምሁትን ካርድ ሁሉ እንደገና ከፈትሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ካርድ ውስጥ «12/3/2012» ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው ሐበሻ ዘመን ከያዘ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 22 ቀን 2019። ፈረንጅ ከያዘ ግን ማርች 12 ቀን 2012 ነው፤ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 2004። በሁለቱ መካከል 7 ዓመት ከ8 ወር አለ። የሪፈር ወረቀቱ በእኛ አቆጣጠር፣ የሲቲ ስካኑ ፊልም ማሽኑ ባተመው በፈረንጅ፣ የፓቶሎጂው ደግሞ እንደጸሐፊው፤ ሦስቱም በአንድ ካርድ ውስጥ ተጣጥፈው ይገኛሉ። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ሐኪም «6/12» ብሎ የሚጽፈው ስድስት ወር ለማለት ነው እንጂ ቀን አይደለም።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ቀንን በአንድ ሳጥን አታስገቡ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በየራሳቸው አምድ፤ አራተኛ አምድ ደግሞ አቆጣጠሩን ይያዝ፦ 1 ኢትዮጵያ፣ 2 ፈረንጅ፣ 9 አይታወቅም። ኤክሴል ወር 13ን አያውቅም፤ ጳጉሜን ይጥላል። የካቲት 30ንም ፌብሩዋሪ መስሎት አይቀበልም፤ ሳይነግራችሁ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል።

ለ. ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ። በቃላችሁ እየቀየራችሁ አታስገቡ። ሁሉም ካለቀ በኋላ በአንድ መንገድ በአንድ ጊዜ ይቀየራል፤ ስህተት ቢኖር በአንድ ጊዜ ይታረማል።

ሐ. «ከ3 ወር ወዲህ» የሚል ካለ ከምርመራው ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። ወሩ ብቻ ከታወቀ ቀኑን ሁልጊዜ 15 አድርጉ። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ አትሙሉት።

መ. ታካሚው በበዓል ይቆጥራል። «ፋሲካ ሰሞን ነው የጀመረኝ» ካለ የዚያን ዓመት ፋሲካ ፈልጉ። ፋሲካ በ2015 ሚያዝያ 8፣ በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፤ የ19 ቀን ልዩነት። ጥምቀት አይንቀሳቀስም። ረመዳን ግን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል።

ሠ. ሲያልቅ ልዩነቶቹን አስሉ፤ ከዜሮ በታች የሆነ ጊዜ ወይም 7 ዓመት ገደማ የሆነ ክፍተት ያለበትን ካርድ ሁሉ መልሳችሁ ክፈቱ።

ደረጃ 8፦ የካንሰሩን ደረጃ

ካርዱ ላይ ደረጃው ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ወይም «የገፋ» ተብሎ ይታለፋል። ከላሪንጎስኮፒና ከሲቲ ስካን ማስታወሻ መልሳችሁ ልትገነቡት ትችላላችሁ። ለድምፅ አውታር ዕጢ («ቲ» ዕጢው ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያሳየው ምድብ ነው)፦ አውታሩ ላይ ብቻ ሆኖ እንቅስቃሴው ደህና ከሆነ ቲ1፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተሻገረ ወይም እንቅስቃሴው ከደከመ ቲ2፤ በማንቁርት ውስጥ እንዳለ አውታሩ ጨርሶ ከቆመ ቲ3፤ የታይሮይድ ቅርጫጭትን የውጭ ሽፋን በስቶ ከወጣ ቲ4። «አውታሩ አይንቀሳቀስም» የሚል ማስታወሻ ካለና ሲቲ ከሌለ «ቢያንስ ቲ3» ብላችሁ ለዚሁ በተዘጋጀ አምድ ጻፉ። ቲ3 ብላችሁ አትዝጉት፤ ሲቲ ቢነሣ ቲ4 ይወጣ ይሆናል።

የጥናት ዘመናችሁ ከ2018 እ.ኤ.አ. በፊትና በኋላ ያለውን ከያዘ ጥንቃቄ አድርጉ። የኤጄሲሲ 8ኛ እትም ሥራ ላይ የዋለው ያን ጊዜ ነው፤ ከአንገት ሊምፍ ዕጢ ሽፋን ውጭ የወጣ ካንሰር የኤን ምድብን (ወደ ሊምፍ ዕጢ መዛመቱን የሚያሳየውን) እንዲያሳድግ አድርጓል። አንድ ዓይነት ታካሚ በ7ኛው አነስ፣ በ8ኛው ከፍ ብሎ ሊመደብ ይችላል። ሁሉንም በ8ኛው እንደገና መድቡ፤ ካልተቻለ ዕትሙን በአምድ ያዙ። የአፍ ካንሰር ለምታጠኑ የዕጢው ጥልቀት፣ የኦሮፋሪንክስ (ከአፍ በስተጀርባ ያለው ጉሮሮ) ለምታጠኑ ደግሞ ፒ16 የሚባለው የናሙና ምርመራ ከዚሁ እትም የመጡ ናቸው፤ ካርዱ ላይ ከሌሉ ባዶነታቸውን መዝግቡ እንጂ አትገምቱ።

ደረጃ 9፦ ሌላ ሰው ያው ካርድ ይልቀም

ከካርዶቹ ቢያንስ 10 በመቶውን ሁለተኛ ሰው፣ የእናንተን ሳያይ፣ ከመጀመሪያው ይልቀመው። ከዚያ ስምምነታችሁን በካፓ (በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ በሚለካ ቁጥር) ለኩ። ለምን በመቶኛ ብቻ አይበቃም? 50 ካርድ ላይ «አንገቱ ላይ እብጠት አለ ወይ?» ብላችሁ ሁለታችሁም ለ44ቱ «አለ»፣ ለ1ዱ «የለም» አላችሁ፤ በ5ቱ ተለያያችሁ። ስምምነቱ 90 በመቶ ነው፤ ያስደስታል። ካፓው ግን 0.23 ገደማ ነው፤ እብጠት ከበዛ ዓይን ጨፍኖም መስማማት ይቻላልና። አንዱ መልስ እንዲህ ሲበዛ ካፓ ራሱ ዝቅ የማለት ጠባይ ስላለው መቶኛውንም ካፓውንም ጻፉ፤ የተለያያችሁባቸውን 5 ካርዶች ግን አንድ ላይ ቁጭ ብላችሁ ክፈቷቸው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የቅጹ ነው፦ አንዱ በእጅ የተዳሰሰውን፣ ሌላው በሲቲ የታየውን ቆጥሯል።

ደረጃ 10፦ ስልክ

ካርዱ ላይ «ቀረ» የሚል ካለ ታካሚው ድኗል ማለትም ሞቷል ማለትም አይደለም። የቀሩትን በመጨረሻ በታዩበት ቀን ዘግታችሁ ብቻ ከተነተናችሁ፣ ቤታቸው የሞቱት ሁሉ ከእውነቱ በላይ በሕይወት የቆዩ ይመስላሉ። ስለዚህ ይደወላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስልኩን የሚያነሣው ማን እንደሆነ አታውቁም። ቤተሰቡ ሕመሙን ከታካሚው የደበቀ ሊሆን ይችላል፤ ታካሚውም ከልጆቹ የደበቀ ሊሆን ይችላል። «ካንሰር» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ ስልክ ላይ መናገር ላይችል ይችላል፤ ዝም ቢል አትዝጉ፣ አጠገቡ ያለ ሰው እንዲያነሣ ጊዜ ስጡ።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ። አቶ እገሌን ፈልጌ ነበር። ዶክተር እገሌ እባላለሁ፤ ከዚህ ቀደም ከታከሙበት ሆስፒታል ነው የምደውለው። እንዴት እንደሆኑ ልጠይቅ ብዬ ነው። አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል?» ዐርፈዋል ከተባላችሁ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትዝለሉ። «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም እንደ ቤቱ «አላህ ያጽናችሁ» በሉ፤ ይናገሩ፤ ከዚያ «መቼ ነበር?» ብላችሁ ቀኑን በተዝካሩ ወይም በበዓሉ አስታውሳችሁ አውጡ። በጾም ቀትር ላይና በማለዳ አትደውሉ። ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ሞክራችሁ ካልተገኘ «አልተገኘም» ብላችሁ እለፉ።

ደረጃ 11፦ ትንተና

ጊዜን በአማካይ አታቅርቡ። አምስት ታካሚ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 36 ወር ከቆዩ አማካዩ 10 ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ግን 10 ወር አልደረሱም። ሚዲያኑ (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለው) 4 ነው። ሚዲያኑን ከአንደኛውና ከሦስተኛው ሩብ ጋር ጻፉ።

የጨረር ሕክምና ያገኘና ያላገኘ ስታወዳድሩ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ካንሰር ታወቀባቸው፤ ሁለቱም ወረፋ ተመዘገቡ፤ ተራው በ4ኛው ወር ነው። አንደኛው በ2ኛው ወር ሞተ። ሠንጠረዣችሁ ላይ እሱ «ጨረር ያላገኘ፣ 2 ወር የኖረ» ሆነ። ሁለተኛው ጨረር ያገኘው 4ኛው ወር ድረስ ስለኖረ ነው። ጨረሩ ምንም ባይጠቅም እንኳ ያገኙት ረዥም የኖሩ ሆነው መውጣታቸው አይቀርም። መፍትሔው ቁርጥ ያለ ቀን ማስቀመጥ ነው፤ ለምሳሌ ካንሰሩ ከታወቀ ከ6 ወር በኋላ። ያን ቀን በሕይወት ያሉትን ብቻ ወስዳችሁ እስከዚያ ጨረር ያገኙና ያላገኙ ብላችሁ ክፈሉ፤ ቆጠራው ከዚያ ቀን ይጀምር። ከ6ኛው ወር በፊት የሞቱትን ደግሞ ስንት እንደሆኑ ለብቻ ጻፉ። ስታቲስቲሺያን ካላችሁ ጨረሩን ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ አድርጎ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ ግን ችግሩን ንገሩት። ካልነገራችሁት የሰጣችሁትን ፋይል ያሰላል።

ለስልክ ያልተገኙት ሁለት ጊዜ ይተንተኑ፦ አንዴ በመጨረሻ በታዩበት ቀን በሕይወት እንደነበሩ፣ አንዴ ወዲያው እንደሞቱ አድርጋችሁ። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ያንኑ ጻፉ።

የተለመዱ ስህተቶች

• የተጠናከረ ፕሮፖዛል ለመምሰል 15 ዓላማ መደርደር። አንድ ዋና፣ ሁለት ተከታይ ይበቃል።
• ባዮፕሲው ሁለት ጊዜ ተወስዶ የመጀመሪያው «ካንሰር አልታየም» ካለ የሁለተኛውን ቀን ብቻ መያዝ። በመካከል ያለፈው ጊዜ የታካሚው ኪሳራ ነው፤ ሁለቱም ቀን ይመዝገብ።
• «ትርጉም ያለው ልዩነት» እስኪወጣ ድረስ ተለዋዋጭ እየቀያየሩ መሞከር። ሞዴሉ ውስጥ የሚገባውን ፕሮፖዛል ላይ ጻፉ።
• በሪፈር ሆስፒታል ከተገኘ መጠን ተነሥቶ ስለ አገሩ ሕዝብ መናገር። ለዚያ በሕዝብ ላይ የተመሠረተ መዝገብ ያስፈልጋል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ለዚህ የቆመ ነው።
• ደብተሩን መርሳት። ሁለት ወር ቆይታችሁ «ይህን ለምን 9 አደረግሁት?» ስትሉ የሚመልስላችሁ እሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 12፦ መጻፍና ማስቀመጥ

የስትሮብን (የምልከታ ጥናት ዘገባ መመሪያ) 22 ነጥብ መዘርዝር ከፍታችሁ ከፕሮፖዛሉ ጀምሮ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ከመደበኛ የሕክምና መዝገብ ለተለቀመ መረጃ ሬኮርድ የሚባለው ተጨማሪም አለው። ስንት ታካሚ ከሦስቱ መዝገብ እንደተገኘ፣ ስንቱ ድግግሞሽ እንደነበረ፣ የስንቱ ካርድ እንደጠፋ፣ ስንቱ እንደቀረ በአንድ ሥዕል አሳዩ፤ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ስሙን ከጥናት ቁጥሩ የሚያገናኘው ፋይል አይአርቢው ባጸደቀው ጊዜ ይጥፋ፤ ከላፕቶፑም፣ ከፍላሹም፣ ከኢሜይሉም፣ «ለማንኛውም» ብላችሁ ከላካችሁበት ከሁለተኛው ለቃሚ ኮምፒውተርም። ካርዶቹን ስትመልሱ ደግሞ የወሰዳችሁበትን ዝርዝር ይዛችሁ አንድ በአንድ እያስፈረማችሁ አስረክቡ። ነገ ክሊኒክ ቀጠሮ ያለው ታካሚ ካርዱ እናንተ መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።